ነጩ ሲሳሳ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለሁዜይፋ ጀብሪል፤ ፍራይቡርግ፣ ጀርመን

ሰላምታህ ደርሶኛል። ገጽ ተኩል ነው። ጤንነቴን፣ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ዝናቡን በየተራ ጠይቀሃል፤ በአንድ መስመር ልመልስልህ። ደኅና ነኝ፣ ዝናቡ አልፏል፣ ጆሮዬ ግን ብሶበታል። ስልክ አትደውልልኝ የምልህ ለዚህ ነው። ባለፈው ስትደውል የሰማሁት የንብ ቀፎ ነው እንጂ ሁዜይፋን አይደለም። ጻፍልኝ። በኢንተርኔትም አይሁን፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ የማነብበት ዕድሜ የለኝም። ፖስታው ከደሴ በአቀስታ በኩል በአውቶቡስ ይመጣል፤ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።

«ቀለም የሌለው ቀለም እየሠራሁ ነው» ብለሃል። ይህ የአዝማሪ ዓረፍተ ነገር ነው፣ የፊዚክስ አይደለም። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እንደምታስረዳ አድርገህ እንደገና ጻፈው። የምፈልገው ለሥራ ነው። መብራት ሲኖር የክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ያንበለብላል፣ ልጆቹ አፍጥጠው ያዩታል፤ መብራት ሲጠፋ እኔ አለሁ። ሰሞኑን መብራት የለም፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ እየተማሩ ነው።

ስለ በዛች ጠይቀሃል። ልጄ እንደ ሄደች ናት፤ ጅዳ፣ በሰው ቤት። ልጇን እቴቴን ለእኔ ትታልኛለች፤ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ በዛችንም ያሳደገቻት እሷ እንደሆነች ታውቃለህ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ለሁለታችሁም ቆሎ ትዘግን ነበር። በመስከረም የእቴቴ እግር ተሰብሮ ነበር። ክንፈ ወጌሻው አስሮላት ድኗል። ዘይነባ ከመደብ ላይ ወደቀች ትላለች። መደቡ ከጉልበቴ አይበልጥም። ይህን በልቤ ይዤዋለሁ።

ይርዳው

*

ፍራይቡርግ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ይርዳው

አሰላሙ ዓለይኩም። ገጽ ተኩሉን ስለነቀፉብኝ ሰላምታዬን እዚህ ላይ እገታለሁ፤ የቀረው በልቤ ነው፣ ዓፉ ይበሉኝ።

ቀለም በሁለት መንገድ ይመጣል ብለው ይጀምሩላቸው። አንደኛው የምናውቀው ነው፤ ማቅለሚያው ከብርሃኑ የተወሰነውን ይበላል፣ የተረፈውን እናያለን። ሁለተኛው ግን ምንም ማቅለሚያ የለውም። የእኔ ፍሬዎች እንደ ብርጭቆ ናቸው። ሦስት መቶ የሚሆኑት ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ያህላሉ። ብርሃን እያንዳንዳቸውን እየነካ ሲመለስ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንዱን ቀለም ያጠነክረዋል፣ ሌላውን ያጠፋዋል። ፍሬዎቹን ብጨፈልቃቸው ቀለሙ አብሮ ይጠፋል፤ ቀለሙ አቀማመጣቸው ነውና።

ፍሬዎቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ከሆነ ቀለሙ እንደ ሳሙና አረፋ ዘንበል ባሉ ቁጥር ይለዋወጣል። እኔ የምፈልገው የማይለዋወጠውን ነው። ለዚህም ሁለት መጠን ያላቸውን ፍሬዎች ደባልቄ ሰልፉን አበላሻለሁ። የመካነ ሰላምን የቅዳሜ ገበያ ያስቡ፤ ሰልፍ የለም፣ ሁሉም ግን ከጎረቤቱ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይቆማል። ከየትኛውም በኩል ቢያዩት ያው ገበያ ነው። የእኔም ሰማያዊ ከየትኛውም በኩል ያው ሰማያዊ ነው።

ወራት ያስቸገረኝ ነገር ነበር። ብርሃኑ ውስጥ ለውስጥ ብዙ ጊዜ እየተላተመ ሁሉም ቀለም ተደባልቆ ይወጣና ነጭ ሆኖ ይቀርብኝ ነበር። ጥቂት ጥላሸት ጨመርኩበት፤ ሰማያዊው ብቅ አለ። በስሱ ቀብቼ ከሥሩ ጥቁር ሳደርግም እንደዚሁ። ቀዩ ግን እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለኝ ነው።

ለክፍልዎ ውሃ የበዛበት አሬራ በጥቁር ጣባ ላይ በስሱ ያፍስሱላቸው። ይህ የእኔ ሥራ ሳይሆን የሥራዬ ዘመድ ነው፤ ሳይናገሩኝ ራሴ ልናገር ብዬ ነው።

በእቴቴ እግር አዝኛለሁ። ዘይነባን ግን በክፉ አያስቧት፣ አፈር ስሆን። በዛች ስትደውል ሰላም ይበሉልኝ።

ተማሪዎ ሁዜይፋ

*

መካነ ሰላም፣ የካቲት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሁዜይፋ፣

ደብዳቤህ ጥሩ ነው። ገበያው በተለይ ጥሩ ነው። «ያጠነክረዋል፣ ያጠፋዋል» ስትል ለምን እንደሆነ አንድ መስመር ልትጨምር ይገባህ ነበር፤ እኔ ጨመርኩልህ።

አሬራውን መስኮት ሥር አፈሰስኩት። በነጭ ሳህን ላይ ነጭ ነው፤ በጥቁሩ ጣባ ላይ ሰማያዊ። ዘይነባ ገበያ ሄዳ ስለነበር እቴቴን ይዣት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫት ነበር። አሚራ የምትባል ነገረኛ ተማሪ አለችኝ፤ ከኋላ ተነሥታ «ቲቸር፣ ይቺማ የእቴቴ ዓይን ናት!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዝም በሉ ብዬ ልጮህ ስል ልጅቷን አየኋት። አሚራ ልክ ናት። የዓይኗ ነጭ ነጭ አይደለም፤ ከጣባው ላይ እንደተቀዳ ሰማያዊ ነው። ሰፈሩ ይህን ሲያደንቅ ነው የኖረው፤ ዘይነባም ሰው በዓይኑ እንዳይበላት እያለች ሻሿን ታወርድባታለች። እኔ ግን ፊዚክስ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። የተማሪዬ ሥራ የልጅ ልጄ ዓይን ውስጥ በመገኘቱ ኮራሁ፤ ኩራት ከተባለ።

ደስታዬ እዚህ ላይ አለቀ። በጥር መጨረሻ የእቴቴ ክንድ ተሰበረ። ዘይነባን ምን ሆነች ብላት «ሹራቧን ሳለብሳት» አለች። እጅጌ ክንድ ሲሰብር አይተህ ታውቃለህ? ክንፈን ጠየቅኩት፤ ዓይኔን ሳያይ «አጥንት እንዲህ የሚሰበረው ሲጠመዘዝ ነው» አለኝ። ይህች ሴት ልጄን አሳድጋለች። በዛች በወር አንዴ የምትደውለው በእሷ ስልክ ነው፤ እሷ ሰምታ ጮክ ብላ ትደግምልኛለች። እኔ ስለ ልጄ የማውቀው ከእሷ አፍ የወጣውን ብቻ ነው። ምን እንደምትደብቀኝ እንኳ አላውቅም።

ሽማግሌ ጠርቻለሁ። ሼህ አሕመድኑርም ይኖራሉ። በመጋቢት የመጀመሪያው እሑድ ቁርዓን ይዛ እንድትምልልኝ እጠይቃለሁ።

ይርዳው

*

ፍራይቡርግ፣ የካቲት 30 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ

ሰላምታዬን ያለ ወጉ በማሳጠሬ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ይህ የእኔው ከእሑዱ ሽምግልና እንደማይቀድም አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ርዕሰ መምህሩ አንሥተው አቀበሉዎት። እኔ «ሽማግሌውን ያቆዩት፣ ያቆዩት» እላለሁ፤ እርስዎ «ጻፍ ብዬህ የለም ወይ» ብለው ዘጉት። ደግሜ ስደውል መስመሩ አልነበረም። የዘይነባ ቁጥር የለኝም።

የምጠይቅዎትን በቀን ብርሃን ተመልክተው ይመልሱልኝ። የእቴቴ ዓይን ሰማያዊነቱ በሁለቱም ነው? ዙሪያውን ነው ወይስ በአንድ በኩል? ከተወለደች ጀምሮ ነው? ጥርሷስ እንዴት ነው?

ምክንያቱን አሁን አልጽፍም። ሳያረጋግጡ መጻፍን የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ዘይነባን ምንም አይበሏት።

ሁዜይፋ

*

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሁዜይፋ፣

ዘግይተሃል። ጥፋቱ የመንገዱ ይሁን የአንተ አላውቅም፤ ዛሬ ሁሉም ላይ ተቆጥቻለሁ።

ሽማግሌው ግቢዬ ተቀመጠ። ጉዳዩን በቅደም ተከተል አስረዳሁ፤ እግር፣ ክንድ፣ መደብ፣ እጅጌ። ዘይነባ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ሰማችኝ። ሼህ አሕመድኑር «እንግዲህ ማዪና ይለቅ፣ ልጄ» አሏት።

«ልጅቷን አልመታሁም። አልጠመዘዝኩም» አለች። «ቁርዓን ግን አልይዝም። አባቴ መሬቱን ሲቀሙት እንኳ አልማለም። አላህ ያየኛል፣ ይበቃኛል።»

«እውነት የያዘ ሰው መሐላ ምኑ ነው?» አልኩ።

«ለእርስዎ ምንዎ ነው ጋሽ ይርዳው? በሚምል ሰው ሲስቁ አልነበር እንዴ የኖሩት?»

ይህ እውነት ነው። በመሐላ ስስቅ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን እምቢታዋን እንደ መልስ ቆጠርኩት። ሽማግሌውም ዝም አለ፤ ዝምታቸው ፍርድ ሆነ። ዘይነባ ጎንበስ ብላ የእቴቴን እግር ሳመች፤ በማግስቱ ወደ ከላላ ወረዳ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ልጅቷ «ዘይኑ» እያለች ስቅ እስኪላት አለቀሰች። ይህን ስቅታ በጆሮዬ ሳይሆን እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነው ያወቅኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ። ባለፈው ሳምንት ብርድ ነበር። ካልሲ ላጠልቅላት ቁርጭምጭሚቷን ይዤ እግሯን ቀና አደረግኩ። በቀስታ ነው ያደረግኩት። ጭኗ ተሰበረ። ድምፁን አልሰማሁም፤ በመዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጥያቄዎችህ። ሁለቱም ዓይኖች። ዙሪያውን። ከተወለደች ጀምሮ። ጥርሷ እንደ አፈር ይፈረፈራል።

አሁን ያወቅከውን ጻፍ። አታስታምመኝ።

ይርዳው

*

ፍራይቡርግ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ይርዳው

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልዎ ጠፍቶኝ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አላህ ያበርታዎት።

ማንም አልመታትም። ዘይነባም፣ እርስዎም።

የእቴቴ ዓይን ሰማያዊ ነገር የለበትም። የዓይን ነጭ የሚሠራው እርስ በርሳቸው በተጠላለፉ ጥቃቅን ክሮች ነው። ክሮቹ ወፍራም ሆነው ሲደራረቡ ብርሃኑ ብዙ ተላትሞ ይመለስና ነጭ እናያለን። የእሷ ሽፋን ሳስቷል። ከሥሩ ያለው የዓይን ጥቁር ሽፋን ሾልኮ ይታያል፤ ስስ ነጭ ከላይ፣ ጥቁር ከታች፣ እንደ አሬራውና እንደ ጣባው። እኔ በላቦራቶሪ ወራት የለፋሁበትን እሷ ይዛው ተወለደች።

ያው ክር ነው አጥንትንም የሚይዘው። አጥንት እንደ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ክሩ ጭዱ ነው። ጭድ የጎደለው ጭቃ ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል፣ ሲነኩት ግን ይሰነጠቃል። እዚህ አንዲት የሕፃናት ሐኪም አነጋገርኩ። ሳላያት አልናገርም አለች፤ ከዚያ የጻፉልኝን አንድ በአንድ ተረጎምኩላት፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሕመሙ ስም አለው፤ መድኃኒት የለውም። አጥንቱን ጥቂት የሚያጠነክር በደም ሥር የሚሰጥ ነገር አለ። ስለሱ እያጠያየቅኩ ነው።

ከማን መጣባት የሚሉ ከሆነ፣ አንዳንዴ ከማንም አይመጣም፤ እንዲሁ ይፈጠራል።

በክፍል ውስጥ የሚሳቅበት ነገር ጻፍኩ ብዬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሁዜይፋ

*

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 29 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሁዜይፋ፣

«አንዳንዴ» አልክ። ሌላውን ጊዜስ? ግማሹን መልስ የሚጽፍ ተማሪ ግማሹን እያወቀ ይደብቃል ብዬ ሃያ ስምንት ዓመት ወረቀት አርሜያለሁ።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ቀን መነፅሬን አውልቄ መስተዋት ይዤ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ያለ መነፅር ለማየት አፍንጫዬን መስተዋቱ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። ለጠፍኩ። የእኔም ሰማያዊ ነው። እንደ እሷ አይደለም፣ በዕድሜ ቆሽሿል፤ ግን ሰማያዊ ነው። በልጅነቴ ደጋግሜ ተሰብሬያለሁ። ዛፍ ላይ የሚወጣ ቀበጥ ነው ተብዬ፣ ወጌሻ ካሰረኝ በኋላ አባቴ ይገርፈኝ ነበር። ጆሮዬንም በሃምሳ ዓመቴ ያሳጣኝ ይኸው ይሆናል፤ ሐኪምህን ጠይቃት፣ ታውቃለች።

በዛችስ? ዘጠነኛ ክፍል እያለች መረብ ኳስ ስትጫወት የእጇ አንጓ ሲሰበር እቤቴ ድረስ ደግፈህ ያመጣሃት አንተ ነህ። ሁለት ዓመት ከጎኗ ተቀምጠህ ተምረሃል። ዓይኗን አላየሁም ብትለኝ አላምንህም። የእሷንም የእኔንም ታስታውሳለህ፤ ታስታውሳለህና ነው «አንዳንዴ» ያልከው። እኔን ለማዳን ዋሸህ። እኔ እንዲህ አላስተማርኩህም።

ከላላ ሄጄ ነበር። ዘይነባ እንጀራ አቀረበችልኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ። በወንድሟና በልጆቹ ፊት ተሳስቻለሁ አልኳት። አይሰማኝም ብላ ስለምትፈራ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ዓፉ ብያለሁ ጋሽ ይርዳው፣ ቂም የለኝም፤ አብሽር» አለችኝ። ትመለሻለሽ ወይ ስላት «እሱን አላህ ይወቅ» አለች። ይቅርታ አግኝቼ ባዶዬን ተመለስኩ።

ይርዳው

*

ፍራይቡርግ፣ ሰኔ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ

አልዋሸሁም ብዬ አልከራከርም። የሁለታችሁንም አስታውሳለሁ። የበዛችን ዓይን አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው ያየሁት፤ ያኔ ያየሁት እንደ ሕመም አልነበረም። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አያስገድዱኝ።

መድኃኒቱ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ የሚያውቃቸውን ሁሉ ጠየቀ፤ ለሕፃን የሚሰጥ ቦታ አላገኘም። ከዚህ ገዝቼ ልላክ አልኩ። ሐኪሟ እምቢ አለች። ደሟን እየለኩ፣ ልቧን እየተከታተሉ በሆስፒታል የሚሰጥ እንጂ በፖስታ የሚላክ አይደለም አለች። ተቆጣሁ፤ እንደ እርስዎ ድምፄን ከፍ አደረግኩባት። ትክክል ግን እሷ ናት። ልጅቷን ወደዚህ ለማምጣት የጠየቅኳቸውም ሁሉ ትሕትና ያለው ደብዳቤ መልሰውልኛል።

ቀዩ ዛሬም አልወጣልኝም። ምክንያቱን አሁን አውቄዋለሁ፤ ፍሬዎቹን ለቀይ ሳተልቃቸው እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ ሰማያዊ ትመልስብኛለች። ማወቁ ግን ቀይ አላደረገልኝም። ይህን የምጽፍልዎት ለሌላ ሰው ብነግረው ስለማይገባው ነው።

በዛች ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከከላላ ዘመዶቼ ተቀብላ ነው። «ዘይነባ ከላላ ምን ትሠራለች? ልጄ ማን ዘንድ ናት? አባዬ ለምን አያናግረኝም?» ትለኛለች። እሷም ደረጃ ስታጥብ ወድቃ አንጓዋ እንደታሰረ ነገረችኝ፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ምን ልበላት? ያለ ፈቃድዎ አልናገርም፤ ግን ሁለተኛ ስትደውልልኝ ዝም ማለት አልችልም።

ሁዜይፋ

*

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሁዜይፋ፣

መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤህ ደሴ ላይ ከርሟል።

ለበዛች ንገራት። ሁሉንም ንገራት፤ ከእኔ እንደመጣም ንገራት። እኔ ልነግራት አልችልም፤ ስታለቅስ የምሰማው ንብ ነው። ደረጃ እንዳታጥብ በላት ልልህ ነበር፤ ከዚያ የሰው ቤት መሆኗን አሰብኩ።

ዘይነባ መጥታለች። በዛች ደውላ ለምናት ነው መሰለኝ። በዝናብ፣ በበቅሎ፣ ሻንጣዋን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ልጅቷ ጭኗ ድኖ ተቀምጣ ነበር፤ እንዴት እንደጮኸች ከፊቷ አየሁት።

ያኔ እኔ ከመንገድ ገለል ብል ኖሮ! ልጅቷን ከማንሣቷ በፊት አስቀምጬ ላስረዳት ፈለግኩ። ተበድላለችና እውነቱን ሁሉ ማወቅ መብቷ ነው ብዬ ነበር። ጭቃውን፣ ጭዱን፣ ክሩን ነገርኳት። ደረቅ ጭቃ ከግድግዳው ፈልጬ በእጄ ሰብሬ አሳየኋት። አንተ እንደምታውቀው ጥሩ አስተማሪ ነኝ፤ ገባት።

«በመነካት ብቻ?» አለችኝ።

«በመነካት ብቻ።»

«ስለዚህ ያን ጊዜም በእኔው እጅ ነው የተሰበረችው።»

«ጥፋትሽ አይደለም እያልኩሽ ነው!»

«ጥፋቴ ነው አላልኩም። በእጄ ነው አልኩ።»

ከዚያ ወዲህ አልነካቻትም። ታበስልላታለች፣ ታጥብላታለች፣ ከሩቅ ታጫውታታለች። እቴቴ ሁለት እጇን ዘርግታ «ዘይኑ፣ እቀፊኝ» ስትል ግን ዘይነባ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች። እኔም ከካልሲው ወዲህ የማነሣት ሌላ ሲቸግር ብቻ ነው። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ትቆይና፣ ሲደክማት ታወርደዋለች። ሁለት አዋቂ ሰዎች ቆመን እናያታለን።

መድኃኒት አልጠየቅኩህም። ሐኪምህን ይህን ጠይቃት፤ እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ነው የሚታቀፈው?

ይርዳው

*

ፍራይቡርግ፣ መስከረም 22 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ይርዳው

እንኳን አደረስዎት። ጥያቄዎን ለሐኪሟ ስነግራት ካፖርቴን ተቀበለችኝ፤ ጠቅልላ አልጋው ላይ አስተኛችውና አሳየችኝ። ደጋግማ አሠራችኝ። ለዘይነባ ቀስ ብለው ያንብቡላት።

በብብቷ ይዘው አያንሧት። ክንዷን፣ ቁርጭምጭሚቷን አይሳቡ። ጣትዎን ዘርግተው አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር፣ አንድ እጅ ከትከሻዋና ከአንገቷ ሥር ያስገቡ። አይጨብጡ፣ ያሳርፉ። መዳፍዎ ሰፊ ሳህን ይሁን። ከማንሣትዎ በፊት ይንገሯት፤ ደንግጣ እንዳትወራጭ። ወደ ደረት አቅርበው ይያዙ እንጂ አያጣብቁ። ልብስ ሲያለብሷት እጅዎን በእጅጌው ውስጥ አሳልፈው የእሷን እጅ ተቀብለው ልብሱን ያንሸራትቱ፤ እጇን ወደ ልብሱ አይግፉ።

እንዲህ ቢደረግም ሊሰበር ይችላል ወይ አልኳት። «ይሰበራል» አለች። «ባይነኳትም ይሰበራል። ስለዚህ ይቀፏት።»

ለበዛች ነግሬያታለሁ። ከዚያ «እመጣለሁ» አለች። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፣ ውሏም ገና ዓመት ይቀረዋል። እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። «ነይ» አልኳት።

ሁዜይፋ

*

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ልጄ ሁዜይፋ፣

ደብዳቤህን ለዘይነባ አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩት። ትራስ አምጥታ ሞከረች፤ እኔ ቆሜ «ጣትሽን ዘርጊ» እያልኩ አረምኳት፤ «አሁንስ ዝም ይበሉ» አለችኝ። ከዚያ እቴቴን «ላነሣሽ ነው» ብላ አነሣቻት። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልሳቀችም፤ ጉንጯን ዘይነባ ትከሻ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እስከ ማታ አላወረደቻትም። ጥቅምትን እንዲህ ከረምን። ምንም አልተሰበረም። ይህን ደስ ብሎኝ ልጽፍልህ ከራሴ ጋር ቀጠሮ ይዤ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እቴቴ ከምሳ በኋላ ተኝታ ነበር። ብቻዋን። ዘይነባ ግቢ ልብስ ታሰጣለች፣ እኔ ደጃፉ ላይ ወረቀት አርማለሁ። ዘይነባ ድንገት ልብሱን ጥላ ስትሮጥ አየሁ። ስገባ ከልጅቷ አንገት ሥር ያለው የትከሻ አጥንት ከቆዳው ሥር ተነሥቶ ይታያል። ማንም አልነካትም፤ በእንቅልፏ ዞር ብላ ነው። ለመጮህ አፌን ከፈትኩ። ልማድ ነው። በማን እንደምጮህ አጥቼ ከፍቼው ቀረሁ።

ዘይነባ «ዞር ይበሉልኝ» አለችና አንድ እጇን ከሥር፣ አንድ እጇን ከአንገቷ ሥር አስገባች። ልክ እንደጻፍከው ነው። ክንፈ ቤት እስክንደርስ ተሸክማት ሄደች፤ እኔ ፀሐይ እንዳይመታቸው ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ሙሉ ነው። ሰው ሁሉ ያቆመናል።

«ምን ሆነች?»

«ተሰበረች» እላለሁ።

«ደግሞ? ማን ሰበራት?»

«ማንም አልሰበራትም!» እላለሁ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ድምፄን አልለካውም፤ መንገዱ ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም። ደጋግሜ አልኩት፤ ለእያንዳንዱ ሰው አልኩት። እነሱም «እግዚአብሔር ይማራት»፣ «አላህ ያሽራት» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እየነቀነቁ ግን የሚያዩት የዘይነባን እጅ ነበር።

ይርዳው